ጽሑፉ የእኔ፣ ስሙ የመምህሩ

በርጫ ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ እንደ ወትሮው በአንድ ጓደኛችን ቤት። ከመካከላችን አንዱ ጫቱን ገና ሳይቀምስ ስልኩን አወጣና «ይሄን ስሙኝ አቦ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አወቅኩት። የሚያነበው ስሜን ሳልገልጽ ብሎግ ላይ ያወጣሁትን የእኔን ጽሑፍ ነበር።

የጽሑፉ ነገር ቀላል ነው። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ እኛው ሰፈር፣ ለሙሽራ የተገዛ ቁም ሳጥን ጠባቡ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ወደ ፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ። በወዲያ በኩል ሥጋ ገዝታ የምትመለስ ሴት፣ በወዲህ በኩል ወደ መስጊድ የሚሄዱ አዛውንት ቆመው ቀሩ። አንዱ በሩ ይነቀል ይላል፣ ሌላው ግድግዳው ይፈንቀል ይላል፣ የሙሽራዋ አክስት ደግሞ ቁም ሳጥኑን የጫረ ሰው ሰርጉን አያይም ብላ ትምላለች። በመጨረሻ በገመድ ተስቦ በሰው ጣሪያ ላይ አለፈ። እኔ ያየሁትን ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ጓደኞቼ እየሳቁ አስጨረሱት። ከዚያ አንዱ «ግን ማነው ይሄን የሚጽፈው?» አለ።

«ማን ይሆናል? መምህሩ ናቸው እንጂ» አለ አንባቢው። «ይሄ የሌላ ሰው አማርኛ አይደለም። ወላሂ፣ ሳነበው ድምፃቸው ነው የሚሰማኝ።»

ሁሉም ተስማሙ። እኔ ቀንበጥ የምመርጥ መስዬ አቀረቀርኩ። ደስታ ይሁን ቅናት አልለየልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ወራት እንቅልፍ በደንብ አልወሰደኝም።

መምህሩን የማያውቅ የሐረር ሰው ጥቂት ነው። አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም ከግንቡ ውጭ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለ አሮጌ ቤት ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። የከተማው እኩሌታ አማርኛ የተማረው ከእሳቸው ነው። እኔም እንደዚያው። ከገጠር፣ ከድሬ ጠያራ መጥቼ ትምህርት ቤት ስገባ አፌ ላይ የነበረው ኦሮምኛ ብቻ ነበር። አማርኛን እንደ ጠጠር እየለቀምኩ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ።

ሱቄ ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር አጠገብ ነው። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አትማለሁ። በሩ ላይ ከሶፊ ገጠር የሚመጡ ሴቶች አትክልታቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ወሬያቸው እስከ ማሽኑ ድረስ ይሰማል። ብሎጉን የጀመርኩት ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት እዚያው ሆኜ ነው። «ከበሩ ወዲህ» ብዬ ስም አወጣሁለት። የራሴን ስም ግን አልጻፍኩም። ማን ያነበዋል ብዬ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤት ሰው ስለ ከተማው ጻፈ ቢባል፣ ሰው ከጽሑፉ በፊት ሰውየውን ነው የሚመዝነው።

መጀመሪያ የሚያነበኝ አልነበረም። ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም፤ እሷም የምታነበው እኔ አጠገቧ ቆሜ ፊቷን ስለማይ ነበር። ከቁም ሳጥኑ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ከድሬዳዋ፣ ከጅጅጋ ሰዎች ይጽፉልኝ ጀመር። እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ወረቀት ማሽኑ ላይ አስገብቼ ስልኬን አያለሁ፤ የሰው መታወቂያ ገልብጬ ሳነሳ ስልኬን አያለሁ። አንዲት ደንበኛ የልጇን የልደት ሰርተፊኬት እንዳነሳላት ሰጥታኝ ባዶ ወረቀት አስረከብኳት። «ልብህ የት ነው አንተ?» አለችኝ። ልቤ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ነበር። እዚያ፣ ሰው ሁሉ መምህሩን ቆሞ ሰላም ይላቸዋል።

«መምህር፣ የሰሞኑን አነበብነው። እጅዎ ይባረክ።»

እሳቸው ፈገግ ብለው ሻያቸውን ያማስላሉ። አዎ አይሉም። አይደለሁምም አይሉም።

ማታ ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም እነግራታለሁ። አንድ ቀን ሰለቻትና «እንዲህ ከሆነ ለሰዉ ንገራ» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ? እሳቸውን ውሸታም ማድረግ ነው።»

«ምን ብለው ዋሹ? ዝም ነው ያሉት። አንተም ዝም ብለሃል። ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ አንተ ብቻ ነህ የምትቃጠለው።»

እውነቷን ነበር። ግን ለማንም አልነገርኩም። አንድ ሰርግ ላይ አዛውንቶቹ መምህሩን ከፍ ካለው መደብ ላይ አስቀምጠው «የከተማችን ብዕር» ሲሏቸው እኔ ጫማ ከሚወልቅበት ደጃፍ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሩዙን ሳልጨርስ ተነሳሁ። በማግስቱ የባሰ ጻፍኩ። የባሰ ስል፣ አጥብቄ፣ ፈጥኜ፣ ማረፍ እንደከለከሉት ሰው።

እንዲህ ባለው ጥድፊያ ውስጥ ነው የውሃውን ነገር የጻፍኩት። በዚያ ሰሞን ቧንቧ ጠፍቶ ውሃ በቦቴ ነበር የሚመጣልን። ቦቴው እኛ ሰፈር ሲደርስ መጀመሪያ የሚቆመው አንድ ትልቅ ነጋዴ ደጅ ላይ ነው። ቱቦው ግቢያቸው ገብቶ ታንከራቸው እስኪሞላ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን ሳይደርሳቸው ቦቴው ያልቃል። ስም አልጠራሁም። ግን «በሩ አረንጓዴ የሆነ ግቢ» ብዬ ነበር፤ ሰፈራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ በር ያለው አንድ ግቢ ብቻ ነው።

ጽሑፉ በወጣ በማግስቱ ከተማው ተንጫጫ። ነጋዴው ሐጂ ናቸው፣ የተከበሩ ሰው። የሚገርመው፣ እኔን ማንም አላየኝም። ሁሉም ወደ ሻይ ቤቱ በረንዳ ነው ያየው።

ከሰዓት በኋላ የሐጂው ልጅ መጣ። የእኔ እኩያ ነው፣ እሱም የመምህሩ ተማሪ ነበር። መኪናውን መንገዱ መሀል አቁሞ ወረደ። ከሱቄ ሆኜ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ።

«መምህር፣ ትልቅ ሰው ነዎት ብለን እናከብርዎታለን። የአባቴን ገመና ለዓለም መዘርገፍ ምን ይባላል? ይሄ ነው ያስተማሩን?»

መምህሩ ሻዩን አስቀመጡ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አሁን እኔ አይደለሁም ይላሉ። አላሉም። ሰው ተሰበሰበ፣ ሴቶቹ ከአትክልታቸው ተነሱ። ልጁ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይመልሱልኝ እንጂ! ሲጽፉ አፍ ነበረዎት!»

እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ማሽኑን ሳላጠፋ፣ ሱቁን ክፍት ትቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ መካከላቸው ቆምኩ።

«ተዋቸው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ልጁ አየኝና ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «አንተ? ሂድ አቦ፣ ፎቶ ኮፒህን አንሳ። ለእሳቸው ጠበቃ መሆንህ ነው?»

ዙሪያው የቆመውም ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል አልገልጸውም። ስድቡን ልወስድ ሄጄ ስድቡም ሳይደርሰኝ ቀረ። ስልኬን አውጥቼ ገጹን እንዴት እንደምከፍት ላሳይ ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የለም። ስልኩን ወደ ላይ አንስቼ ስዞር ይበልጥ ሳቁብኝ።

«እውነቱን ነው» አሉ መምህሩ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እውነቱን ነው። የጻፈው እሱ ነው። እኔ እንኳን ብሎግ፣ ይቺን ስልክም ልጄ ናት የምትከፍትልኝ።» ከዚያ ወደ ሐጂው ልጅ ዞሩ። «አንተም ብትሆን ጩኸትህን ትተህ ውሃው እውነት መሆን አለመሆኑን አባትህን ጠይቅ። አሁን ሁላችሁም ሂዱ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ።»

ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። ልጁ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ ልመለስ ስል እጄን ያዙኝ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«መጀመሪያ አይደለሁም ብዬ ነበር። ለሁለት ለሦስት ሰው ተናግሬያለሁ። ትሕትና ነው አሉኝ። ከዚያ መናገሩን ተውኩት።»

«ለምን መምህር?»

«ጡረታ የወጣ አስተማሪ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? መጀመሪያ ሰው ቆሞ ሰላም ይልሃል። ቆይቶ እየሄደ በእጁ ብቻ ሰላም ይልሃል። ከዚያ አያይህም። እኔ ይሄን በረንዳ የመረጥኩት መንገድ ስለሆነ ነው፤ ሰው እንዲያየኝ። የአንተ ጽሑፍ ሲመጣ ሰው እንደገና መቆም ጀመረ።» ዓይናቸውን ከእኔ ዞር አደረጉ። «ደግሞ ሳነበው አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የእኔ ይመስለኝ ነበር። አንተ መሆንህን ግን አላወቅኩም። ከተማሪዎቼ አንዱ እንደሆነ አውቄያለሁ።»

ተቆጥቼ ነበር የተቀመጥኩት። ቁጣዬን ስፈልገው አጣሁት።

«ዛሬ ሲሰድብዎት ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ምስጋናውን ስወስድ ዝም ብዬ፣ ስድቡ ሲመጣ እኔ አይደለሁም ልበል? ነውር አይደለም?»

በሦስተኛው ቀን ሐጂው ራሳቸው ወደ ሱቄ መጡ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ብቻቸውን። ወንበር አቀረብኩላቸው፣ አልተቀመጡም።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

«ውሸት አለበት?»

«የለበትም።»

«እሺ። እኔ ውሃው ሲገባ ነው የማየው፣ ውጭ ማን እንደቆመ አላይም ነበር። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። ግን ቤቴ ሃያ እርምጃ አይርቅህም። ለምን መጥተህ አልነገርከኝም?»

«ሐጂ፣ በርዎን ባንኳኳ ማን ይከፍትልኝ ነበር?»

ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ «ከእንግዲህ ይከፈትልሃል» ብለው ወጡ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቦቴው መስጊዱ ደጅ ላይ መቆም ጀመረ፣ ለሁሉም እኩል። ልጃቸው ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ስሜን ብሎጉ ላይ አወጣሁ። ተስፋዬ ምን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። የሆነው ሌላ ነው። «የመምህሩን ጽሑፍ ሰርቆ» የሚሉ አስተያየቶች ጎረፉ። አንዱማ «ከስሙ በኋላ አማርኛው ወረደ» ብሎ ጻፈ፤ የነቀፈው ግን ስሜ ሳይወጣ ያወደሰውን ያንኑ ጽሑፍ ነበር። አንባቢ ቀነሰ። እኔ ይበልጥ ተቁነጠነጥኩ፤ በእያንዳንዷ መስመር ራሴን ላስመሰክር ስታገል ጽሑፌ እውነትም ወረደ። ባለቤቴ አንድ ምሽት አንብባ ስልኩን መለሰችልኝና «ይሄ ጽሑፍ ጉሮሮውን ይጠርጋል እንጂ አይናገርም» አለችኝ። ተኳርፈን ዋልን። በሁለተኛው ቀን ያንን ጽሑፍ አጠፋሁት።

እያደር ግን ነገሩ መልክ ያዘ። መምህሩ በረንዳው ላይ ሆነው የሚያመሰግናቸውን ሁሉ «እኔ አይደለሁም፣ ያ ነው» እያሉ በከዘራቸው ወደ ሱቄ ያመለክታሉ። ሰዉ ለማረጋገጥ ጎራ ይላል፤ አንዳንዱ በዚያው ፎቶ ኮፒ ያነሳል። መምህሩን ሰላም ማለት ያቆመ ሰው አላየሁም። እንዲያውም አሁን እሳቸውን የሚጠይቁ አሉ፤ «ልጁን እንዴት አስተማሩት?» ይሏቸዋል።

እኔስ? የፈለግኩትን አገኘሁ ይባላል። በርጫ ላይ ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። ግን ወሬውም አብሮ ይቆማል። ጓደኞቼ መናገር ጀምረው «ይሄን እንዳትጽፈው» ብለው ይተዉታል። በጠባቦቹ መንገዶች ሳልፍ ሴቶች ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፣ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። እኔ ደግሞ የምጽፈው ሰው ሳያየኝ የሚያወራውን ነበር። ስም የሌለኝ ጊዜ ጆሮ ነበረኝ። አሁን ስም አለኝ፣ ጆሮዬን ግን በየቤቱ እየዞርኩ ነው የምለምነው።

ባለፈው ትኩስ ጫት ልገዛ ሶፊ ሄጄ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ማሳቸው ዳር ሆነው በኦሮምኛ ጠሩኝ። «አንተ ነህ አሉ፣ የምትጽፈው።» አዎ አልኳቸው። ከጥላው ሥር አስቀምጠውኝ ስለ ሁለት ልጆቻቸው፣ በአንድ የድንበር ድንጋይ ምክንያት ዓመታት ስላልተነጋገሩ ወንድማማቾች ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ቃል ተቀምጦ የተጠረበ ነው። ሲጨርሱ እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉና «ይሄን ግን አትጻፈው፣ ልጄ። እንድትጽፈው አይደለም የነገርኩህ፤ አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ነው» አሉኝ።

ቃሌን ሰጠኋቸው። በሚኒባሱ መስኮት በኩል ማሳውን እያየሁ ስመለስ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በራሱ ጊዜ መጣ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩት፣ እንደገና አወጣሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፣ እጆቼንም ጉልበቶቼ መሀል አድርጌ ከተማው እስክንገባ ድረስ ጨብጬ ያዝኳቸው።