ከታንከሩ ወዲያ

በዚያች የበረሃ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ዕቃ የምትጠብቀውን ሴት በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ትንሽ ትልቁ «እትዬ ካርታ» ነው የሚላት። ሥራዋ ቀላል ነው፤ የመንገደኛውን ሻንጣ ትቀበላለች፣ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ትሰጣለች፣ ሻንጣውን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች፣ አለቀ። እሷ ግን መቼ አለቀ ትላለች! ሰውየው ቆርቆሮውን ኪሱ ሳይከት «ለመሆኑ ምን ሊያዩ መጡ?» ብላ ታፋጥጠዋለች። መልሱን ሳትሰማ አትለቅም። በዚህ መኻል ሻንጣውን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አድርጋ ውስጡ ምን እንዳለ በክብደቱ ትገምታለች፤ ብዙ ጊዜም አትስትም።

የምትጠይቀው ሰው አጥታ አታውቅም። ዱሮ ከተማዋን ያኖራት የነበረው የድንጋይ ካባ ተዘግቶ ሕዝቡ ወዲህና ወዲያ ሲበተን፣ ባዶ የቀሩትን ቤቶች ሠዓሊና ቀራፂ፣ ሸማኔና ፎቶ አንሺ ገባባቸው። አሁን ሁለት አውራ ጎዳና ብቻ ያላት ከተማ ከዳቦ ቤት ይልቅ የሥዕል ቤት ይበዛባታል። እንግዳው ጠዋት መጥቶ ማታ ተመላሽ ነው፤ ይዞት የሚዞረው ደግሞ እትዬ ካርታ የነገረችውን ብቻ ነው። እሷ ሂዱ ያለችበት ይሄዳል፣ ቅሩ ያለችው ይቀርበታል።

ምክሯን አትሰስትም። «እስከ ስድስት ሰዓት በግራው ጥግ ሂዱ፤ ከዘጠኝ በኋላ በቀኙ፤ ጥላው እዚያ ነው ያለው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ከተማው ይተኛል፤ እናንተም አርፋችሁ ተቀመጡ። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ከጠማችሁማ ዘግይታችኋል። ንፋስ ሲነሳ አፋችሁን ዝጉ፤ እንደ እኔ ወሬ የሚወድ ሰው እዚህ አሸዋ ሲበላ ነው የሚኖረው። በር ላይ ወንበር ካያችሁ ግቡ። ወንበሩ በሩን ተደግፎ ከቆመ ግን ሰውየው ሥራ ይዟል፤ ካንኳኳችሁ ዘር ማንዘራችሁን ነው የሚረግመው። ሠዓሊን ደግሞ ‹ይሄ ምንድን ነው?› አትበሉት፣ ይቀየማል። ‹መቼ ጀመርከው?› በሉትና ዝም በሉ፤ እሱ ራሱ ሆዱን ዘርግፎ ይነግራችኋል።»

ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ የቀመሰ ያውቀዋል። ውሸቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ እሱንም ድምጿን ሳትለውጥ ነው የምትናገረው። «ከውኃ ታንከሩ ወዲያ ግን አትድከሙ። ምንም የለም። ፀሐይና ውሻ ብቻ ነው።»

ከታንከሩ ወዲያ ያለው ወንድሟ ነው።

አንድ እናት አንድ አባት የወለዷቸው፣ እሱ ታናሿ፣ ሸክላ ሠሪ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖረዋል። ጠቡ እንዲህ ነው የመጣው። እናታቸው በስተርጅና ጥርሷ ረግፎ ነበርና ሰው ፊት መሣቅ ታፍር ነበር። ሣቅ ሲመጣባት መዳፏን አፏ ላይ ትጭናለች፤ ለገዛ ሴት ልጇ እንኳ ድዷን አሳይታ አታውቅም። እሷ ባረፈች በሦስተኛው ወር ወንድምየው እናቱን ከአንገቷ በላይ በሸክላ ሠርቶ ክፍሉ መኻል አቆማት፤ ያውም አፏን በሰፊው ከፍታ ስትስቅ። ይህን ለእትዬ ካርታ ያቀበላት ጣቢያው በር ላይ ብርቱካን የሚሸጠው ሰውዬ ነው። «እናትሽን አየኋት፤ ድዷ ሁሉ ይታያል» አላት እየሣቀ። ክፋት አስቦ አይደለም፣ እንዲያው አፉ አላርፍ ብሎት ነው። እሷ ግን ደሟ ፈላ። ወንድሟን ገበያ መኻል አገኘችውና «በሕይወቷ የደበቀችውን ሞታ ለመንገደኛ ታሳይባታለህ? ከዛሬ ጀምሮ እህት የለህም!» ብላ ጮኸችበት።

ልብ በሉ፤ የሸክላውን ፊት ሄዳ አላየችውም። የማታውቀው ሰው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ካልገመተች እህል የማይወርድላት ሴት፣ የእናቷን ፊት ሳታይ ዘጠኝ ዓመት ከረመች። እልኸኛ ናት፣ ምን ይደረጋል!

እንዲህ እንዳለች አንድ ረቡዕ ጠዋት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ከአውቶቡስ ወረዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሰፊ ባርኔጣ የደፉ ሴት ናቸው። ሻንጣቸውን አስረክበው እንደ ሌላው ሰው መሄድ ሲገባቸው ደብተርና እርሳስ አወጡ።

«በይ ልጄ፣ ቀስ እያልሽ ንገሪኝ፤ ልሥለው ነው።»

እትዬ ካርታ ደስታዋን አልቻለችውም። በዕድሜዋ ምክሯን በእርሳስ የያዘላት ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ጥላውን በየሰዓቱ፣ በሩን በየወንበሩ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ሣሉ። ሲጨርሱ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አዙረው አሳዩዋት። ከተማዋ ከነጠባብ መንገዶቿ ቁጭ ብላለች። ከታንከሩ ወዲያ ግን ወረቀቱ ነጭ ነው። መምህርቷ እርሳሳቸውን ነጩ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም የለም።»

«ምንም የሌለበት ቦታ የለም ልጄ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማርኩት ይሄንኑ ነው።»

«ፀሐይና ውሻ ነው አልኩዎት እኮ።»

«ምን ዓይነት ውሻ?»

«ጭራ ያለው!» አለች እትዬ ካርታ፤ ሁለቱም ሣቁ። እሷ ግን ሣቋ ካንገት በላይ ነበር። ሴትዮዋ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሲወጡ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ተከተለቻቸው። ወዴት እንደሚታጠፉ ለማየት ፈልጋ ነበር፤ የመጣ አውቶቡስ ከለለባት።

መምህርቷ የተመለሱት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፣ ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል።

«ዋሽተሽኛል» አሉ ገና ከበሩ። ቁጣ ግን አልነበረባቸውም፤ ያዩትን ለመናገር ቸኩለዋል። «ውሻውም አለ፣ ፀሐይዋም አለች። ሸክላ ሠሪም አለ! ምን የመሰለ ማሰሮ፣ ምን የመሰለ እንስራ! ጭድ እየጎዘጎዘ ሁሉን በሣጥን ይከታል። ምን ሆነህ ነው ብለው፣ በዘጠኝ ሰዓት የጭነት መኪና ይመጣል፣ ከተማውን ለቅቄ መሄዴ ነው አለኝ።»

እትዬ ካርታ የያዘችው ቆርቆሮ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ሩቅ ነው፤ ጡብ ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል። ጡብ! ያን የመሰለ እጅ ይዞ! እዚህ ሰው አይመጣም አለ።» መምህርቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ማራገብ ያዙ። «ደግሞ ጠየቀኝ፣ ‹ጣቢያው ጋ ያለችው ሴት ምን አለችዎት?› ብሎ። ‹ምንም የለም ብላኛለች› ስለው፣ ‹እውነቷን ነው› አለና ሣቀ። ምንሽ ነው ልጄ?»

«ምኔም አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ክፍሉ መኻል ላይ የምትስቅ አሮጊት አላዩም? ከሸክላ የተሠራች?»

«አላየሁም።»

«ልብ ሳይሉ ቀርተው ይሆናል።»

«እኔ? ሣጥኖቹን እንኳ አንድ በአንድ አስከፍቼ አይቻለሁ። የሴት ፊት የሚባል የለም።»

ይሄኔ እትዬ ካርታ ቱግ አለች። ሸጧታል! እናቷን ለማታውቀው መንገደኛ ሸጧታል፤ ይሄኔ የማን ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ይሆናል! መሐረቧን ከሚስማሩ ላይ ነጥቃ ተነሳች። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስትፈልግ መምህርቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ሂጂ፣ ሻንጣዎቹን እኔ አያለሁ» አሉ። ማን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ገብቷቸዋል መሰለኝ።

የዚያን ቀን እትዬ ካርታን ያየ ሰው ቢኖር በሣቅ በሞተ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከተማው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ በተኛበት፣ ፀሐይ በወረደበት ጥግ፣ ያለ ውኃ፣ ከራሷ ጋር ጮክ ብላ እየተጣላች ትሄዳለች። ንፋስ ተነሥቶ አፏን አሸዋ ሞላው። እንትፍ ብላ ቀጠለች። ታንከሩን ስታልፍ ውሻው እንኳ ቀና ብሎ አያትና ለመጮህ ሰንፎ መልሶ ተኛ።

ደጁ ላይ ሁለት ሣጥኖች ታሽገው ወጥተዋል። በሩን ገፍታ ገባች። ወንድሟ መሬት ተቀምጦ ማሰሮ በጭድ ይጠቀልላል። በነዚያ ዓመታት ከሩቅ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ጢሙ እንዲህ መንጣቱን ግን አላወቀችም። ክፍሉ ተራቁቷል፤ የቀረው የሸክላ መሽከርከሪያው ከነበርጩማው፣ እርጥብ ጭቃ የተሸፈነበት ጆንያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የውኃ እንስራው ነው።

«እናቴን የት አደረግካት?»

ቀና ብሎ አያት። ተነሣና ከእንስራው ውኃ ቀድቶ ሰጣት። «መጀመሪያ ጠጪ። በዚህ ፀሐይ እንዲህ ይመጣል?»

«ውኃህን አልፈልግም! ለማን ሸጥካት?»

«አልሸጥኳትም። ሰበርኳት።»

ውኃውን ተቀበለችው። አልጠጣችውም፤ ይዛው ቆመች።

«መቼ?»

«ገበያ ላይ በጮኽሽብኝ ማግስት፣ ጠዋት። በመዶሻ።»

እትዬ ካርታ መሽከርከሪያው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ዘጠኝ ዓመት ሰው እንዳያየው ስትከለክል የኖረችው ነገር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልነበረም። እፍረቱ ከፀሐዩ ይልቅ አቃጠላት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መጥተሽ እስክትጠይቂኝ ጠበቅኩ። ነገ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ትመጣለች ስል ወር ሆነ። ከዚያ እኔም አኮረፍኩ። ሰበርኳት ብዬ ብመጣ አጥፍቻለሁ ያልኩ መሰለኝ፤ ያጠፋሁ ደግሞ አልመሰለኝም።»

«ድዷን ለሰው አሳይተህ አላጠፋሁም ትላለህ?»

«እታለም፣ እኔ ጋ ትስቅ ነበር እኮ። በመጨረሻው ዓመት አንቺ ሥራ ስትውዪ እዚህ እየመጣች አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ትቀመጣለች። ጭቃ እየረገጥኩ የሆነ ያልሆነውን ሳወራላት አፏን መሸፈን ትረሳለች። ከት ብላ ነው የምትስቀው፤ እንባዋ እስኪወርድ። ያን ሣቅ አንቺ አላየሽውም። እንድታዪው ብዬ ነው የሠራሁት።»

እንባዋ መጣ። በመሐረቧ ልትጠርገው ሞከረች፤ አሸዋው ጨመረበት። «ትመስል ነበር?» አለች።

«ቁርጥ እሷን።»

«ታዲያ ሳታሳየኝ ለምን ሰበርካት?»

«አንቺስ ሳታያት ለምን አኮረፍሽ?»

ውጭ ውሻው መጮህ ጀመረ፤ ቀጥሎ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የጭነት መኪናው ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቷል።

«ሰው ያልመጣልህ በኔ ነው» አለች ፈጠን ብላ፤ ሳይሄድ ልትናዘዝ። «ሁሉንም ወደ ኋላ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። መንገድ ጠፍቶት የሚመጣው ሁሉ ይነግረኛል። ‹ጣቢያው ላይ ያለችው ሴት ምንም የለም ብላን ነበር› ይላሉ።»

«እና መጥተህ አትሰድበኝም? አትጣላኝም?»

ማሰሮውን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠና ጭዱን ከእጁ አራገፈ። «ካንቺ የሚመጣልኝ ወሬ እሱ ብቻ ነበር» አላት። «እሱንስ ባጣ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሹፌሩ ደግሞ ጥሩምባውን ነፋ። ወንድሟ ወደ በሩ ሲራመድ እጁን ያዘችው።

«አትሂድ።»

«ምክር ነው?»

«አይደለም። አፈር ስሆንልህ፣ ልመና ነው።»

እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወጣ። ከሹፌሩ ጋር ሲነጋገር ድምፃቸው ይሰማታል፤ የሚሉት ግን አይለይም። የሹፌሩ ድምፅ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ሣቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥታ በሩ ሥር ጆሮዋን ትደቅን ነበር። አሁን መስማቱን ፈራችው። ውኃውን እስከ ጭላጩ ጠጥታ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ተቀመጠች።

በሩ ጨለም አለ። ወንድሟና ሹፌሩ ደጅ ከነበሩት ሣጥኖች አንዱን ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ወደ ውስጥ እየገቡ ነው።

«ተነሺ እንጂ እታለም» አላት። «መንገድ ዘግተሻል።»