በበረት አፍ የተቀበረው ካራ

አየለች ያዋለደቻቸውን ልጆች ቁጥር አታውቅም፤ ስማቸውን ግን አንድ በአንድ ታውቃለች። ኮሶዬ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው በላይም በታችም፣ ሴት ምጥ ሲይዛት መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም ነበር። አጨዳ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትነሳለች።

በዚያ አገር እትብት የሚቆረጠው በተገኘው ነገር ነው፤ ምላጭ ያለው በምላጭ፣ የሌለው በማጭድ። አየለች ግን ለክፉ ቀን ብቻ የምታወጣው፣ ከእናቷ የወረሰችው የቀንድ እጀታ ያለው ካራ ነበራት። ልጆቿ በተወለዱ በሳምንት በሳምንታቸው እየሞቱባት «ሾተላይ አለባት» የተባለች ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ፣ አየለች ካራውን በሴትዮዋ በረት አፍ፣ ከብቱ ሲወጣ ሲገባ በሚረግጠው ፍግ ውስጥ ትቀብረዋለች። ሾተላይ ከብረትና ከከብት ሽታ ይሸሻል ብላ እናቷ አስተምራታለች። ምጡ ሲመጣ ካራው ይወጣል፤ በቀሚስ ጫፍ ተጠርጎ እትብቱን ይቆርጣል። ውኃ አይነካውም። ውኃ ከነካው ኃይሉ ይሄዳል።

ጣሊያን ከወጣ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጎንደር በማኪና የምትመጣ አንዲት ነርስ ከመንገዱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት እናቶችን ማየት ጀመረች። ሰኪና ትባላለች፤ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ክር የሚሸጠው የዐብዱረሕማን ልጅ ናት።

«በአባትሽ ክር ሃያ ዓመት እትብት አስሬበታለሁ» አለቻት አየለች በመጀመሪያው ቀን። «አሁን ደግሞ አንቺ አተሳሰሩን ልታስተምሪኝ መጣሽ?»

«አባቴ ክሩን ሸጠልዎ እንጂ ቀቅለው እትብት ይሰሩበት አላለዎትም።»

«ክር ደግሞ ይቀቀላል? ሽሮስ ይነሰነስበታል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሰኪናም አብራ ሳቀች። አየለች ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ የማትቀር የሆነችው ስለዚህ ሳቅ ነው። ብትቆጣት ኖሮ አትመለስም ነበር።

ሌላም ምክንያት ነበራት። አንድ ልጇ ባንቺአየሁ ወሯ ገብቷል። ባንቺአየሁ ሦስት ወልዳ ሦስቱም ክርስትና ሳይነሱ ሞተውባታል። የባሏ የክንዱ አባት አያ አድማሴ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አየለችን ለብቻዋ ጠርተው ነግረዋታል።

«ልጅዎ ሸጋ ሰው ናት፤ የማወራባት ክፋት የለኝም። ግን ክንዱም ልጄ ነው። ይኸኛው ካልቆመ ሌላ ያገባል፤ እሷም ወደ እርስዎ ትመለሳለች።»

አየለች አልተከራከረችም። በማግስቱ ካራውን ወስዳ በአያ አድማሴ በረት አፍ ቀበረችው፤ ከወትሮው በአንድ ስንዝር አጥልቃ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ሰው ሲቀል ሰኪና ደብተሯን ገለጠች። «እትዬ አየለች፣ የሚያዋልዱትን አይረሱም ይባላል። የሞቱትንስ?»

«እነሱን ብረሳ እንዴት ደስ ባለኝ።»

«አንድ ዓይነት ሞት ብቻ ነው የምጠይቅዎት። ሁለት ሦስት ቀን ደህና ጠብቶ፣ ከዚያ ጡት አልይዝ ያለ። መንጋጋው የተቆለፈ፣ ገላው እንደ እንጨት የደረቀ።»

አየለች ፊደል አታውቅም። እንዳይምታታባት ከመቀነቷ ባቄላ ፈትታ፣ ለእያንዳንዱ የእናቱን ስም እየጠራች በአግዳሚው ላይ አንድ አንድ ፍሬ አስቀመጠች። አሥራ ሦስት ሆነ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ስታስቀምጥ ስም አልጠራችም፤ ሰኪናም አልጠየቀቻትም።

«አሁን እትብቱ በምን እንደተቆረጠ ይለዩልኝ።»

አየለች አንድ ፍሬ ወደ ግራ ገፋች፤ በምላጭ። ሦስት ወደ መሀል፤ በማጭድ። የቀሩት ዘጠኙ በቦታቸው ቀሩ።

«እነዚህስ?»

«በካራዬ።»

«በካራው የተቆረጠላቸው በጠቅላላው ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ። ሁለቱ ቆመዋል፤ አንደኛው አሁን በሬ ጠምዶ ያርሳል» አለች አየለች ኮራ ብላ። «እነሱን ያተረፈልኝ ካራው ነው።»

ሰኪና ባቄላውን አየች። «ካራው የት ነው የሚቀመጠው?»

አየለች ነገረቻት። የበረቱን አፍ፣ ፍጉን፣ ውኃ እንደማይነካው። ስትናገር የነርሷ እርሳስ ቆመ።

«እትዬ አየለች፣ የዚህ በሽታ ቤቱ ፍግ ውስጥ ነው» አለች ሰኪና ቀስ ብላ። «ብረቱ ላይ ተሳፍሮ በእትብቱ ቁስል ይገባል።»

«ቆይ እስቲ። ካራው የወጣው ሾተላይ ላለባቸው ነው። በሽተኛ ጠበል ሄዶ ቢሞት ገዳዩ ጠበሉ ነው ይባላል?»

 ሰኪናን ይህን በተማሪ ቤት ማንም አልጠየቃትም። ሌላ ጥያቄ አመጣች። «እርስዎስ ስንት ወለዱ?»

«አምስት። አራቱ ሞቱ።»

«ማን አዋለደዎት?»

«እናቴ። በዚሁ ካራ።»

«አምስተኛዋንም?»

«ባንቺአየሁን? እሷንማ ከትክል ድንጋይ ገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ነው የወለድኳት። እናቴ አልነበረችም። አብራኝ የምትሄድ አንዲት ነጋዴ ከገበያ የገዛችውን አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ፈትታ…»

አየለች እዚህ ላይ ቆመች።

ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ አውርታዋለች። ሁልጊዜ የምትጨርሰው ባንቺአየሁን ያቆመልኝ በመንገዱ ዳር ያለው ጊዮርጊስ ነው ብላ ነበር። አሁን ግን አፏ ክፍት እንደሆነ ምላጩን ብቻ አየችው፤ ከወረቀቱ ሲወጣ፣ ሲያብለጨልጭ። ከዚያ ሌላው መጣ። ባንቺአየሁ የመጀመሪያውን ስታረግዝ ሾተላይ አለባት ያላት ማንም አልነበረም። ከእኔ ተጋብቶባት ይሆናል ብላ የፈራች እናቷ ናት። ለሌላው ሰው ልጅ በምላጭም በማጭድም የቆረጠች፣ ለራሷ ልጅ ሳስታ ካራውን አመጣች። በምላጭ የተወለደው ጎረምሳ ገበያውን ሞልቶታል፤ የእሷ የልጅ ልጆች ግን ከአግዳሚው ላይ ሦስት ባቄላ ናቸው።

ባቄላውን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች፤ ከሦስቱ ፍሬ ላይ ስትደርስ ግን ተወችው። 

«እትዬ አየለች» አለች ሰኪና። «ውኃ ላምጣልዎ?»

«በረቱ ውስጥ ነው» አለች አየለች። «አሁንም እዚያው ነው።»

ክንዱ በሩ ላይ የደረሰው ያኔ ነው፤ ሩጫ እስትንፋሱን ቆርጦታል። «እማ፣ ከማለዳ ጀምሮ ይዟታል። አባባ ይምጡ ብለዋል።»

ሰኪና ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻቸው። ዳገቱን ሲወጡ አየለች ከፊት ነበረች። አያ አድማሴ በበረቱ አፍ ቆመው ነበር፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ፍግ ነው። ካራውን በሁለት መዳፋቸው፣ እንደ መስቀል አድርገው ይዘውታል።

«እንዳይዘገዩ ብዬ አወጣሁልዎ።»

«ይጣሉት፣ አያ አድማሴ።»

«ምነው?»

አየለች ልትዋሽ ትችል ነበር። ዝጓል፣ ደንዝዟል ብትል ያምኗታል። ጎጆው ግን ከበረቱ አሥር እርምጃ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ የልጇ ማቃሰት ይሰማል።

«ሦስቱን የገደላቸው እሱ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ባላውቅም እኔው ነኝ። ልጄ ሾተላይ የለባትም።»

አያ አድማሴ ካራውን አዩት፤ እሷን አዩአት። ውስጥ የነበረው ማቃሰት ድንገት ዝም አለ። ባንቺአየሁ ሰምታለች።

አየለች ስትገባ ልጇ ምሰሶውን ይዛ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። ቀና ብላ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ሌላው ምጥ መጣና አጎነበሳት። ምድጃው ላይ ውኃ ተጣደ፤ የሰኪና መቀስና ክር አብረው ፈሉ። አየለች እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ አጠበች፤ ደግማ አጠበች፤ ሦስተኛም አጠበች። ልጁ ከቀትር በኋላ ወጣ፤ ወንድ ነው፤ ጮኸ።

ሰኪና መቀሱን ለአየለች ዘረጋችላት።

«እሷ ትቁረጠው» አለች ባንቺአየሁ። ወደ ነርሷ ነበር የምታየው።

አየለች እጇን ሰበሰበች። ከቤቱ ወጥታ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እልልታውን ያቀለጡት የጎረቤት ሴቶች ናቸው።

ዘጠኝ ቀን ከዚያ ድንጋይ አልራቀችም። ክንዱ ምሳ ያመጣላታል። ሰኪና በማክሰኞው መጥታ እትብቱን አይታ «ደርቋል፣ ደህና ነው» ብላ ሄደች። አያ አድማሴ ካራውን ገደል ወርውረውታል፤ ስለ ሌላ ሚስት ያነሱት ነገር የለም። አየለች የምታዳምጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው በሰባተኛው ቀን፣ ሁለተኛው በስድስተኛው፣ ሦስተኛው በስምንተኛው ነው ልቅሶው የተቋረጠው። የአሁኑ በስድስተኛው ቀን አለቀሰ። በሰባተኛው አለቀሰ። በስምንተኛው ቀን ፀጥ ሲል አየለች ከድንጋዩ ተነስታ ቆመች፤ ተኝቶ ኖሯል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ባንቺአየሁ ከውስጥ ጠራቻት።

«እናቴ። እጅሽን ታጥበሽ ግቢ።»

ታጥባ ገባች። ባንቺአየሁ ልጁን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ከስቷል። «ጣትሽን አፉ ላይ አድርጊ።»

አየለች ትንሿን ጣቷን አስጠጋች። ልጁ አፉን ከፍቶ ያዛት፤ በኃይል ሳባት። አየለች ባዋላጅነት ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ ጉልበት የተሰማት አልመሰላትም።

ባንቺአየሁ ዓይኗን ከልጁ አላነሳችም።

«የመጀመሪያውም እንዲህ ነበር የሚስበው» አለች።

አየለች ጣቷን አላወጣችም።