ቀጮና የመርፌዋ ጫፍ

ጽሕፈት ብዙም አይሆንልኝም። ስለ ቀጮ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው የጀመርኩት።

ቀጮ ያልናት ከሲታ ስለሆነች ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፍተናል፤ እኔ ኮሌታ፣ እሷ እጅጌ። አፏ አያርፍም። ተቆጣጣሪዋ ስታልፍ እኔ አንገቴን ስደፋ፣ "አንቺ፣ የስፌት መኪናው ውስጥ ልትገቢ ነው እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች። በጸሎት ማኅበራችን ግን "እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት" ነው የሚሉኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

እኛ ጋ መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው ተለቅሞ፣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ካልታየ አዲስ አይሰጥም። አንዷ ስብርባሪ ከጎደለች ሥራ ቆሞ ልብሱ ሁሉ ይፈተሻል። አንድ ቀን የእኔ ተሰበረች፤ ጫፏ ጠፋ። ሥራ ላስቆም ነው፣ ተቆጣጣሪዋ ሰው ፊት ልትጮህብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ደብቄ የያዝኳትን ትርፍ መርፌ ከትቼ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ጫፏ ሕፃን ልጅ ሸሚዝ ውስጥ ተገኘች። ኮሌታውንና እጅጌውን የሰፋነው እኔና ቀጮ ስለሆንን ሁለታችንም ተጠራን።

"የማናችሁ ናት?" አለች ተቆጣጣሪዋ።

እኔ ጫማዬን አየሁ። ቀጮም ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ለአለቃ መልስ በመስጠት የምትታወቀው እሷ ስለሆነች ጥፋቱ እሷ ላይ ተላከከ። ወዲያው ተባራ መቀሷን ይዛ ወጣች።

ስምንት ወር ሙሉ "ጌታ ሆይ፣ ፍርሃቱን አንሳልኝና እናገራለሁ" እያልኩ ጸለይኩ። አላነሳልኝም። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ያን ቀን የፈራሽው ሰውን ነው እንጂ እግዚአብሔርን አይደለም፤ ይህን አትሳቺ" አሉኝ። "አሁንም ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ። እየፈራሽ ግቢ።"

እየፈራሁ ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ገባሁ። "መርፌዋ የእኔ ነበረች" አልኩ።

ተቆጣጣሪዋ ቀና እንኳ አላለችም። "የቷ መርፌ? እ... እሱማ ያለቀ ነገር ነው፤ በልጅቷ ቦታ ሌላ ሰው ተቀጥሯል። በይ ወደ ሥራሽ።"

በቃ። ስምንት ወር የፈራሁት ይህን ነው።

ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ቀጮ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ እጇ በሳሙና ተላልጧል። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለች እያሸች። "መርፌዋን ስትቀይሪ አይቼሽ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ! እግዚአብሔርን የምትፈሪ አይደለሽ?"

ሳቀች፤ የድሮው ሳቋ ግን አይደለም። እጅጌዬን ሰብስቤ ላግዛት ጎንበስ አልኩ።

"ተይው፣ ለምጄዋለሁ" አለችና ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበችው።