አማና የተሰጡ መኪኖች

ባለፈው ቅዳሜ የጋሼ ይማም የመጨረሻ ልጅ አንድ የጫማ ካርቶን ታቅፎ ደጄ ላይ ቆመ። ጋሼ ይማም ካረፉ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። ልጁ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም።

«እትዬ ዘሐራ፣ ዳዲ ከመሞቱ በፊት ‹ይቺ አማና ናት፣ ለሰይድና ለዘሐራ መልሱልኝ› ብሎን ነበር። ሶ፣ ይኸው» አለኝ።

ተቀበልኩት። ውስጡ ምን እንዳለ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ባሌ ሰይድ የከሰዓት እንቅልፉን ተኝቶ ነበር። ካርቶኑን ሳልከፍት የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንደ ድሮው ገላመጥኩት።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ባሌ መኪና ይሠራል። እውነተኛ መኪና ቢሆንማ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር። ከሳጥን ውስጥ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው የሚመጡ፣ እሱ ኪት የሚላቸው ቁርጥራጮች አሉ፤ በር፣ መሪ፣ ጎማ፣ ከጥፍር ያነሰች መስተዋት። እነሱን እየነቀለ፣ እየሞረደ፣ በሙጫ እያጣበቀ፣ በቀጭን ብሩሽ እየቀባ መዳፍ የምታህል መኪና ያወጣል። የማትነዳ፣ የማትሸጥ፣ ሰው የማትጭን። ፈረንጅ ለዚህ ሆቢ የሚል ስም አለው። እኛ ደሴ ያለን «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው ነው። መነኩሴው እንኳ በመጨረሻ የሚያጠልቀው ቆብ ይተርፈዋል።

የሚገርመው ደግሞ ሥራ ያጣ ሰው አለመሆኑ ነበር። በሰማንያዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ አዲስ ተጋቢዎች ሳለን፣ ሰይድ የአንድ ትልቅ ሆቴል ደጅ ላይ ቆሞ የሀብታም መኪና እየተቀበለ ፓርክ ሲያደርግ ይውል ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪና፣ መኪና፣ መኪና። ከዚያ ቤቱ ይገባና እጁን ታጥቦ መኪና ይሠራል። እኔ የአረጋውያን ቤት ውስጥ አሮጊቶች እያጠብኩ፣ እያገላበጥኩ እውል ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ በፕላስቲክ አሮጊት አልሠራሁም።

የምንኖረው ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብላ ባለች ፎቅ ላይ ነበር። ያኔ ሰፈሩ እንደ ዛሬው በአገራችን ስም መጠራት አልጀመረም፤ ከአይሁዶቹ ዳቦ ቤቶችና ልብስ ሰፊዎች መካከል አንድ ሁለት የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ብቅ ማለት የጀመሩበት ጊዜ ነው። ጧት ጧት የትኩስ ዳቦ ሽታ እስከ መኝታ ቤታችን ይወጣል። በሰኔ ጃካራንዳው አበባውን ያራግፍና የቆሙት መኪኖች ሁሉ ሐምራዊ ይለብሳሉ። ይህን ሁሉ መዓዛ ቤቴ ውስጥ የሚያሸንፈው ግን የሰይድ ሙጫ ነበር። ከመኝታ ቤታችን ሌላ አንድ ትንሽ ክፍል ነበረችን፤ እሷን ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ መትቶባት መኪኖቹን አሰልፎባታል። እራት አቅርቤ ስጠራው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሙጫው እስኪደርቅ፣ ዘሐራዬ። አንዴ ሙጫው ይድረቅ።»

የደም ሥር የሚያዳምጥ ሐኪም ይመስል አንዲት ጎማ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ጎማ እስኪደርቅ ካልተያዘ ይንጋደዳል ይላል። ሽሮው ቢቀዘቅዝ፣ እንጀራው ቢደርቅ፣ ሚስቱ ብትደርቅ ግድ የለውም።

በዚህ መሀል አረገዝኩ። ሆዴ መግፋት ሲጀምር የልጁን አልጋ የት እንደማኖር ማሰብ ነበረብኝ፤ መልሱም ግልጽ መሰለኝ።

«ሰይድ፣ ልጁ የት ነው የሚተኛው?»

«እኛ ጋ ነዋ።»

«ትንሿ ክፍልስ?»

«እሷማ ሰው አለባት» አለኝ። ሰው። የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ሰው ሆኖ፣ ሆዴ ውስጥ የሚራገጠው ቦታ ታጣለት።

በማግስቱ ሽማግሌ ጠራሁ። በኛ አገር ባልና ሚስት ሲካረሩ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አሜሪካ ስለመጣን የሚቀር ነገር አይደለም፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ብቻ ተጨምሮበታል። የመጡት ሦስት ነበሩ። ጋሼ ይማም ከቫን ናይስ፤ በወጣትነታቸው ከአሰብ ደሴ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሰው። ጋሼ ካሳ ከጋርዴና፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን የደሴ ልጅ ናቸውና ነገራችንን ሁሉ ያውቃሉ። ሦስተኛው ከበርባንክ የመጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሥጋ ጋሼ ካሳንና እኛን በአንድ ትሪ ስለማያገናኘን ዓሣ ጠበስኩ፣ ምስር ሠራሁ። ጋሼ ይማም ዱአ ሲያደርጉ ጋሼ ካሳም እንደ ወሎ ደንብ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያሉ ሰዎች አይበድሉኝም አልኩ።

በደሌን ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ጋሼ ይማም ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

«መልካም። የተከሰሰውንም ሳያዩ መፍረድ ነውር ነው። እስቲ አምጣው ያንን ነገር» አሉት።

ሰይድ ተነሣና መኪኖቹን የት ላይ ደርድሮ ቢያመጣ ጥሩ ነው? በእንጀራ ትሪዬ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው ለዓሣዬ ተዘጋጅተው ነበር፤ ትሪው መሀላቸው ሲያርፍ እንደ ማዕድ ከበቡት።

«አጃኢብ» አሉ ጋሼ ይማም አንዷን በሁለት ጣታቸው አንሥተው። «በሩም ይከፈታል?»

«ቀስ በል ይማም፣ ትሰብራለህ» አሉ ጋሼ ካሳ፣ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ይዘው። «ይቺን ታውቃታለህ? ደሴ የነበረው ሐኪም የሚነዳት።»

«የሱ ግራጫ ነበረች።»

«ግራጫም ላደርጋት እችላለሁ፣ ጋሼ» አለ ሰይድ። አንገቱ ቀና ማለት ጀምሯል።

ጋሼ ይማም መነጽራቸውን አወጡ። «ትሬንታ ኳትሮስ ትሠራለህ?» ያ አፍንጫው ረዥም የጣሊያን የጭነት መኪና ማለታቸው ነው።

«ኪቱ አይገኝም። ግን የሁለት ትራክ ኪት ቆራርጬ ላወጣው እችላለሁ።»

«ወላሂ?»

ያኔ ነው ነገሬ እንዳበቃለት ያወቅሁት። ዳኞቼን ተከሳሹ ዓይኔ እያየ ገዛብኝ፤ ያውም በአሻንጉሊት። ዝምተኛው የበርባንክ ሰው እንኳ አጎንብሰው አንዷን መኪና ትሪው ላይ ወዲያና ወዲህ ይነዷት ነበር። ጢማቸው የሸበተ ሦስት ሰዎች። ዓሣው ምጣዱ ላይ ቀዘቀዘ።

ፍርዱ ግን፣ ላዩን ሲያዩት፣ ለእኔ ነው የተፈረደው። ክፍሏ የልጁ ትሁን አሉ። መኪኖቹም የሰው ድካም ናቸውና አይጣሉም፤ ልጁ እስኪያድግ ሽማግሌዎቹ ተካፍለው ቤታቸው አማና ያስቀምጧቸዋል። አማና ማለት በኛ ዘንድ አደራ ነው፤ የበላው ሰው በሁለቱም ዓለም ይጠየቅበታል። ስለዚህ ሁሉም የድርሻውን በዳቦ ቤት ከረጢት ይዞ ወጣ። ጋሼ ካሳ ከረጢታቸውን መኪናቸው ውስጥ ጎናቸው ያለው መቀመጫ ላይ አኑረው በቀበቶ አሰሩት። እኔ በመስኮት እያየሁ ድል ያደረግሁ መሰለኝ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። አማና የሰጠ ሰው አማናውን መጠየቅ አለበት ብሎ ሰይድ ከሥራ ሲወጣ አንድ ቀን ጋርዴና፣ አንድ ቀን በርባንክ፣ አንድ ቀን ቫን ናይስ መመላለስ ጀመረ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሽማግሌዎቹም ተያይዘው ተለከፉ። ጋሼ ካሳ ብሩሽ ገዙ። ጋሼ ይማም የወጥ ቤት ጠረጴዛቸውን ለትሬንታ ኳትሮው ለቀቁ፤ ባለቤታቸው ለኔ ስልክ ደውለው አለቀሱ። ክፍሏን አጸዳሁ፣ ቢጫ ቀባኋት፣ አልጋውን አስገባሁ። ቤቱ የሙጫ ሽታ አጣ፤ ሰይድንም አጣ። ማታ ማታ ሶፋው ላይ እግሬን ሰቅዬ ቴሌቪዥን ሳይ ብቸኝነቱ ያንገበግበኝ ነበር። ሴት ቢይዝብኝ ኖሮ ቢያንስ የምነግረው ወግ ይኖረኝ ነበር። ባሌን የወሰደብኝ የጭነት መኪና ነው ብዬ ለማን ልናገር?

በጥቅምት፣ ያ ደረቅ የበረሃ ነፋስ ከተማውን ሲያግለው፣ አንድ ቀን ከጧት ጀምሮ ወገቤን አመመኝ። አሮጊት ሳነሣ ያመመኝ መስሎኝ ዋልኩ። ከሥራ ገብቼ ትንሽ ጋደም ስል ምጥ መሆኑ ገባኝ። ያለችንን አንዲት መኪና ሰይድ ቫን ናይስ ይዟት ሄዷል። ደወልኩ። ያነሡት ጋሼ ይማም ነበሩ።

«ሰይድ ጎማ እየገጠመ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ምጥ ይዞኛል ይበሉልኝ፣ ጋሼ» አልኩና ዘጋሁት። ሁለተኛ ቃል መተንፈስ አልቻልኩም።

ሆስፒታል ያደረሰችኝ ከታች የምትኖረው ባልቴት ጎረቤቴ ሮዝ ናት። ጀልባ የምታህል መኪና ነበረቻት፤ ለገበያ ብቻ የምታወጣት። መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ በየመብራቱ እየቆመች፣ በማላውቀው ቋንቋ እየጸለየች ወሰደችኝ። ሰሚራ ለመወለድ ብዙ አላስቸገረችም። ሰይድ እየሮጠ ሲገባ ልጅቷ ታጥባ፣ ተጠቅልላ ደረቴ ላይ ነበረች። እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ሙጫ እንደ ቆዳ ደርቋል።

«ስልኩ ሲደወል ጥዬው ነው የወጣሁት፣ ወላሂ። ፎር ኦ ፋይቭ ሀይዌይ ላይ አክሲደንት ነበር፣ መንገዱ ዝግ ነው።»

«ሙጫው እስኪደርቅ ነው የጠበቅከው።»

«ዘሐራ፣ ወላሂ —»

«አትማል። ጣትህን እየው።»

አየው። ልጄ ወደዚህ ዓለም መጥታ ከአባቷ ያሸተተችው የመጀመሪያ ሽታ ሙጫ ነው፤ ይህን ለዘመድ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ከአራስ ቤት ሆኜ ለሽማግሌዎቹ አማናችሁን መልሱ ብዬ ላክሁ። ሰውዬው ከአሻንጉሊት ካልተለየ ዓይኔ ሥር ይሁን አልኩ። መኪኖቹ በየከረጢታቸው ተመለሱ፤ መደርደሪያው እንደገና ተመታ፤ ሰሚራም ከሥሩ ተኝታ አደገች። አንዱን ግን፣ ያን ትሬንታ ኳትሮ፣ ደጄን አይርገጥ አልኩ። ሰይድም ስሙን አንሥቶ አያውቅም። ጋሼ ይማም በየዒዱ በየሠርጉ ሲያገኙን ጉንጬን ስመው ልጆቼን ይጠይቃሉ እንጂ ስለ መኪናዋ ትንፍሽ አይሉም። ያን ምሽት ያልረሳሁት እኔ ነኝ። በተጣላን ቁጥር ሚስቱን በጎማ የለወጠ ሰው እለው ነበር። ዝም ይላል። ዝምታውንም ናቅሁት፤ ጥፋተኛ ካልሆነ ለምን ዝም ይላል?

ሰይድ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲመጣ ካርቶኑን ገፋ አደረግሁለት። «ፍቅረኛህ መጥታለች» አልኩት። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመታት ስለሆኑ ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጭነት መኪናዋ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አፍንጫዋ ረዥም፣ ቀለሟ የአሰብ መንገድ አቧራ የነካው የሚመስል አረንጓዴ። አቧራ ግን አልነበረባትም፤ ጋሼ ይማም ሲጠርጓት ኖረዋል። ጠረጴዛው ላይ ሳኖራት በግራ ጎኗ ዘመመች። የፊት ግራ ጎማዋ የለም። ካርቶኑ ጥግ ላይ የክብሪት ሣጥን አየሁና ገፍቼ ከፈትኩት፤ ጎማዋ በጥጥ ላይ ተኝታለች። ጠርዟ ላይ የሰው አውራ ጣት የታተመባት የሙጫ ጠብታ ደርቃለች።

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቺ ጎማ አልተገጠመችም» አልኩት።

«እንዴት ትገጠማለች» አለኝ፣ እንደ ተራ ነገር። «ስልክ ደወልሽ እኮ።»

ሚስቱን በጎማ የለወጠ ሰው ስለው ኖሬያለሁ። ወደ አርባ ዓመት። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ነግሮኝ ነበር።

የልጅ ጨዋታን የልጅ ጨዋታ ከማለት ማንም አያስቆመኝም። ሦስት የተከበሩ ሰዎች በትሪ ዙሪያ ተጎልተው ሳይ የተሰማኝ ንቀት ዛሬም እንዳለ ነው፤ በጎማ ላይ የባከነውን የሰው ዕድሜ ሳስብ አሁንም ያናድደኛል። ሰይድ ግን ሙጫውን ከመሳቢያ አውጥቶ ሊከፍት ሲታገል፣ ክዳኑ ከጣቶቹ እያመለጠ ሲያስቸግረው፣ ነጠቅሁት።

«የት ነው የሚደረገው?»

«ትንሽ ብቻ። እዚያ ዘንጓ ጫፍ ላይ። አሁን ያዣት፣ አትልቀቂ።»

ጎማዋን በሁለት ጣቴ ይዤ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። «ተንጋድዳለች» አለኝ። «ዝም በል» አልኩት። በዚህ መሀል ስልኬ ጠራ። ሰሚራ ነበረች፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ትደውላለች።

«አንሺው እንጂ፣ ልጅሽ ናት» አለኝ ሰይድ።

«ትጠብቅ» አልኩት። «ሙጫው አልደረቀም።»