የልጄ መምህርና የባሕሩ ውሃ

አባት በልጁ መምህር ሊቀና አይገባም። እኔ ግን ቀናሁ። ትምህርት ቤት ደጅ ሳልቆም፣ ከሥራ መልስ መዝገበ ቃላት ይዤ ያወቅሁትን ሁሉ ለልጄ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሜልቦርን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ግን ቤታችን ውስጥ የሚጠቀሰው የመምህሯ ቃል ብቻ ሆነ። ይባስ ብላ፣ ከተመረቀች በኋላም በእሳቸው ሥር መማሯን ልትቀጥል ፈለገች። «ይበቃሻል፣ ሥራ ያዢ» ልላት ቆርጬ፣ አንድ ቅዳሜ ለጥናታቸው ውሃ ወደሚቀዱበት የባሕር ዳርቻ አብሬያት ሄድኩ።

መምህሯ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ የሸበቱ አውስትራሊያዊት ናቸው። ጠርሙስ በገመድ አውርደው ቀዱና ልጄ ውሃውን በነጭ ወረቀት አጣራችው። ወረቀቱ ላይ ስስ አረንጓዴ ቀረ።

አረንጓዴው ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ፣ አንድ በአንድ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የውሃ ተክሎች ክምችት መሆኑን ልጄ፣ መምህሯም እንዲሰሙ፣ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። ከከተማው ፍሳሽ ጋር የሚገባው ናይትሮጅን እንደ ማዳበሪያ ሆኖ ያለ ልክ ያበዛቸው ነበር። ሞተው ሲበሰብሱ ደግሞ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። የፍሳሽ ማጣሪያው ከታደሰ ወዲህ ናይትሮጅኑ ቀንሶ አረንጓዴውም ሳሳ።

«እንግዲህ ወረቀቱ ጭራሽ ነጭ ሲሆን ነው ውሃው የጠራው» አልኩ።

«ያኔማ ዓሣው ምን ይበላል?» አሉ መምህሯ ፈገግ ብለው።

ልጄ ሳቀች። ሳቋ አንገበገበኝ።

ያመጣሁት ምሳ ሲቀርብ፣ ልጄ የላስቲክ ጠርሙስ አንስታ መምህሯን እጅ አስታጠበች። እኔን ካስታጠበችኝ ስንት ዘመን ሆናት!

«ለእኔ ቧንቧ፣ ለእሳቸው አስታጣቢ!» አልኩ በአማርኛ።

«አባዬ ደግሞ! እንግዳ ይቅደም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

መምህሯ ግን ተራ በተራ መታጣጠብ የምሳው ሥርዓት መስሏቸው ጠርሙሱን ተቀበሏትና ለእኔ ሊያፈሱ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ አይገባም!» ብዬ ብድግ አልኩ። ቋንቋውን ከየት ያውቁታል? ውሃውን አፈሰሱልኝ። እሳቸውን የምጠላበት ምክንያት ፍለጋ የሄድኩት ሰውዬ፣ እጄን ዘርግቼ ሽበታቸውን ሳይ አፈርኩ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ መዋሸት ምን ይጠቅማል?

ስንመለስ ባቡር ውስጥ «እሺ አባዬ፣ ትምህርቴን ልቀጥል? ምን ወሰንክ?» አለችኝ።

«ቀጥዪ። ግን የተማርሽውን በየቅዳሜው ለእኔ ታስተምሪኛለሽ። በአማርኛ።»

«በአማርኛ? ፋይቶፕላንክተንን ምን ልለው ነው?»

«እሱን እንኳ መምህርሽ አይነግሩሽም» አልኳት፣ ደስ እያለኝ። የምንወርድበት ኖርዝ ሜልቦርን ጣቢያ እስክንደርስ ቃል ስናማርጥ፣ ስንከራከር ሄድን።