ባለቆርቆሮው ሰውዬ

ሰውዬው ካሜራዬ የሚላት ውስጧ ጥቁር የተቀባ የወተት ቆርቆሮ ናት። ሌንስ የላትም፤ ያላት በመርፌ የተበሳች ቀዳዳና ፊቷ ላይ የተለጠፈ ጠቆር ያለ ቀይ መስታወት ብቻ ነው። ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ በወፍራም አንጓው ላይ ደግሞ ጠባብ የሴት ሰዓት አስሯል።

ፎቶ አንሺው ስቱዲዮው በር ላይ ቆሞ ሲያየው ቅናት አንገበገበው። ማዶ ዛፉ ሥር ለሰውዬው የተቀመጠችለት የገዛ ሚስቱ ናት። እሱ ሊያነሳት ሲል «ቶሎ በል፣ ሥራ አለብኝ» የምትለው ሴት ቆርቆሮዋ ብርሃን እስክትጠግብ ደቂቃዎች ሙሉ እንደ ሐውልት ፀጥ ብላለች!

ባለፈው ሳምንት ከዚህችው ቆርቆሮ የወጣ ፎቶዋን አሳይታው ነበር። ቅጠሉ እንደ ጥጥ ነጥቷል፣ ፊቷ ከውስጥ መብራት የበራበት ይመስላል። «ዐይን በማያየው ብርሃን ነው የሚያነሳው» አለችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ያንን ብርሃን የሚይዘውን ፊልም ፈልጎ ገዛ፤ ከሰውዬው ይበልጥ ጥርት እንዲልለት ብሎም የራሱን ቆርቆሮ ባገኛት ቀጭን መርፌ በሳ። የወጣለት ጭጋግ ነው።

ዛሬ አላስቻለውም፤ ጭጋጉን ይዞ ተሻገረና በቆርቆሮዋና በሚስቱ መካከል ቆመ። ሰውዬው ፎቶውን በጨረፍታ አየና ዐይኑን ወደ ሰዓቱ መለሰ።

«ቀዳዳውን አጥብበኸዋል፣ ወንድሜ። ይሄ ዐይን የማያየው ብርሃን፣ ኢንፍራሬዱ፣ ሞገዱ ረዘም ይላል፤ ሲጠብበት ይበተናል። ሰፋ አድርግለት።»

«ሰዓቷስ የማን ናት?»

«የባለቤቴ ነበረች። እዚሁ ዛፍ ሥር ትቀመጥልኝ ነበር።»

ፎቶ አንሺው ልቡ ራራ። ነፍስ ይማር ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሚስቱ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ተናገረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዞር በልልን! ልታበላሽብን ነው።»