የውዱ ሞተር ዘጠኝ ደቂቃ

ሰፈሩ «ጠቅላዩ» ይለዋል። ሹመት ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ካቢኔው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የተጣመመ ወንበርና ግድግዳው ላይ እንደ ሹሩባ የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ ነው። የውኃ መሳቢያ፣ የወፍጮ ወይም የአየር ማራገቢያ ሞተር ሲቃጠል ሰው ተሸክሞ ወደ እሱ ይመጣል። እሱም የጠቆረውን ሽቦ መዝዞ ያወጣና አዲሱን ዙር በዙር ይጠቀልላል። ዙሩን የሚቆጥረው በዜማ ነው። አንድ ስንኝ ሃያ ዙር፤ ስድስት ስንኝ መቶ ሃያ። ደንበኛ መሃል ላይ ገብቶ ሰላም ቢለው አይመልስም። ስንኙን ይጨርስና፣ ሽቦውን በጥርሱ ነክሶ እንደያዘ፣ ያን ጊዜ ቀና ይላል።

«ዙሪልኝ መዳቤ፣ ዙሪልኝ በእጄ፣
አንቺ ስትዞሪ ይሞቅልኝ ደጄ።»

ይቺን ስንኝ ስንት ሺህ ጊዜ እንደዘፈናት እግዜር ይወቅ። ከፊት ለፊቱ ያለችው አትክልት ሻጭ እንኳን ሚዛን ስታነሣ ሳታውቀው ታንጎራጉራታለች።

ከዚህ ሌላ አንድ ፍቅር አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይወጣና ትንሽ አውሮፕላን ያበራል። ከዕቃ ማሸጊያ ፎም ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ አጣብቆ የሠራት ናት፤ ክንፏ ሁለት ክንድ፣ ከሥሩ ቀይ መስመር የተሰመረበት። አፍንጫዋ ላይ ከእንቁላል የምታንስ ርካሽ ሞተር ታስራለች። ያቺ ሞተር ስትዞር ጩኸቷ ለጉድ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ተርብ በሏት። አራት ደቂቃ ስትሞላ ሞተሯ ይግላል፣ ባትሪው ይደክማል፣ መውረድ ነው። አራት ደቂቃ ለእሱ ይበቃው ነበር፤ አባቱ ሜዳው ድረስ መምጣት እስኪጀምሩ።

አባቱ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ልጃቸው ሲያድግ እሳቸው መንገድ ላይ ነበሩ፤ እሱ ከፎም ወፍ ሲሠራ እሳቸው ከተራራ ወደ በረሃ ሲሚንቶ ያወርዱ ነበር። ጡረታ ወጥተው ቤት ሲቀመጡ ደግሞ ዓይናቸው ከዳቸው። ከዳር በኩል ያያሉ፤ መሃሉ ላይ ግን አንድ ሰው አውራ ጣቱን ጥላሸት ውስጥ ነክሮ የጫነበት ይመስላል። «የሰው ጆሮ ይታየኛል፤ ፊቱን ግን ሰርቀውታል» ይላሉ እየሳቁ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ዳሩም እየጠበበ እንደሚሄድ፣ ዓመት ቢቆይ ትልቅ ነገር እንደሆነ ለልጁ ነግሮታል።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ይቀመጣሉ። አውሮፕላኗ ትነሣለች። እሳቸውም ፊታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ጩኸቱ ያዞራሉ።

«የታለች?»

«እዚያው የሚያዩበት ጋ ናት፣ አባባ!»

«ድምጿ አለ፤ እሷ የለችም።»

ይህን ተባብለው ሳይጨርሱ አራቱ ደቂቃ ያልቃል። ልጁ ከሣሩ ውስጥ ያነሣትና ክንፏን በእጃቸው ያስዳስሳቸዋል። አባት በጣታቸው ጫፍ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ይሄዱና «ጎበዝ፤ ጥሩ አድርገህ ሠርተሃታል» ይሉታል። መንገዱን ሁሉ ወደ ቤት ሲመለሱ እሱ አይዘፍንም።

ነገሩ የጊዜ ነው ብሎ አመነ። ትንሽ ብትቆይ፣ ሰማዩን ቀስ ብለው ቢያስሱት ያገኟት ነበር።

ከሱቁ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው ስለ አንድ ውድ ሞተር የነገረው። ዋጋውን ሲሰማ ጠቅላዩ የሽቦውን ቆጠራ ሳተ።

«አየህ አሁን፤ ስልሳ ላይ ነበርኩ!»

«ከአንድ ጀምር። ስማ፣ ይህን ብታስገባ ያው ባትሪህ እጥፍ ይቆይልሃል። ርካሹ ግማሹን እኮ በሙቀት ነው የሚበላው። አውሮፕላን ነው ምድጃ የምታበረው?»

«ሞተር ሞተር ነው። መዳብና ማግኔት። ለእኔ ነው የምታስተምረው?»

«እንግዲያውስ ራስህ ጠቅልለዋ!»

«ጠቅልዬዋለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«እና?»

ጠቅላዩ ወደ ሽቦው ተመለሰ። ሦስት ጊዜ የተሻለ ሽቦ አስገብቶባታል፤ ያተረፈው ግማሽ ደቂቃ ነው። ማግኔቱ ደካማ፣ ኩሽኔታው ልል፣ ቆርቆሮው ወፍራም፤ እጅ ብቻውን ምን ያድርግ? ይህን ማመን ለባለሙያ ከባድ ነው። ሃያ ዓመት በእጁ የኖረ ሰው፣ ከሩቅ አገር በካርቶን የሚመጣ ዕቃ ይበልጥሃል ሲባል፣ እጁን አገላብጦ ያያል።

ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ እንደ መቀሷ ነው።

«እኔ ርካሽ ክር ስገዛ "ልብሱ ሳይቀደድ ክሩ ሞተ" ብለህ የምትስቅብኝ አንተ አይደለህም?»

«ዋጋውን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። የአባባን ዓይንስ አንተ አይተኸዋል?»

በማግስቱ ለአዲስ መሰርሰሪያ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለሬዲዮ ጠጋኙ ሰጠው።

ሞተሩ የመጣ ቀን ጠቅላዩ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ እጁን ታጠበ፣ እንደገና ታጠበ። ካርቶኑን ሲከፍት ሬዲዮ ጠጋኙ ቀልድ ሊጀምር ነበር፤ የጎረቤቱን ፊት አይቶ መብራቱን አቀረበለት። ጠቅላዩ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ተክሎ ወደ ሞተሩ ሆድ ውስጥ አጎነበሰ። አንዲት ሽቦ በሌላዋ ላይ አልወጣችም። እያንዳንዷ ከእኅቷ ጎን ተኝታለች፤ እንደ ታረሰ ማሳ፣ ነፋስ እንዳበጠረው የስንዴ ዛላ። ማግኔቶቹ ከብረቱ ጋር ሊነካኩ የፀጉር ስፋት ቀርቷቸዋል፤ ግን አይነካኩም። በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ሞተሩ ዞረ፤ ዞረ፤ ማቆሙንም የረሳ መሰለ።

«ማን ነው የጠለፈሽ፣ እጁን ባየሁለት፣
ሽቦን እንደ ሐር ክር ያስተኛ በስልት።»

እጁ ላይ ሽቦ ሳይኖር፣ የሚቆጥረው ዙር ሳይኖር ሲዘፍን የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ቅናቱ ወዴት እንደሄደ እሱም አያውቅም። የማያውቀው አንድ ሰው፣ በማያውቀው ጠረጴዛ ላይ፣ እንደ እሱ አጎንብሶ እንደነበር ብቻ ተሰማው።

ሞተሩ ከአሮጌው ቀለል ይል ስለነበር አውሮፕላኗን ክንፏ ሥር በሁለት ጣቱ አንሥቶ ሲመዝናት ጅራቷ ወደቀ። ባትሪውን ወደ አፍንጫዋ ገፋው፤ ተስተካከለች።

ቅዳሜ ሦስቱም ወጡ፤ አባት፣ ልጅና ምራት። ሰማዩ ጠርቶ እዚህም እዚያም ነጭ ደመና ነበረበት። ጠቅላዩ መቆጣጠሪያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሞተሩን አስነሣና አውሮፕላኗን ከእጁ ለቀቃት። እንደ እስትንፋስ ወጣች። ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳትንገዳገድ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ።

አባት ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ። ጠበቁ።

«አስነሣት እንጂ።»

ሜዳው ላይ የሚሰማው የሣሩ ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

«ተነሥታለች፣ አባባ።»

«አትቀልድብኝ። የታለ ድምጿ?»

ያኔ ገባው። ሃያ ዓመት ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ሰው፣ ጩኸት የበሽታ ምልክት ነውና፣ ጸጥታን እንደ ጤና ብቻ ነበር የሚያስበው። የዚያች ርካሽ ሞተር ጩኸት የአባቱ ምርኩዝ እንደነበር አንድ ቀን እንኳን አልታሰበውም። አሁን ያንን ምርኩዝ በገዛ ገንዘቡ ሰበረው።

«ወደ ላይ፣ አባባ፤ ትንሽ ወደ ግራ» አለች ምራት አገጫቸውን በእጇ እያዞረች። «ከዚያ ደመና ሥር።»

«የቱ ደመና፣ ልጄ?»

ሁለት ደቂቃ። ሦስት። አራተኛው ደቂቃ አለፈ፤ አሮጌው ሞተር ቢሆን ወርዳ ነበር። አውሮፕላኗ ከበላያቸው ሰፊ ክብ እየሠራች ትዞራለች፤ ልጁ ከዚያ በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። አባት በመጨረሻ ትከሻቸውን ጣሉ። ፊታቸውን ከሰማይ መልሰው ወደ ጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ አዞሩ።

«ያ ጭስ ማውጫ አሁንም ይሠራል እንዴ? በእኛ ጊዜ ጡብ ከዚህ ስንጭን…»

ወሬውን ራሳቸው አቋረጡት።

«ቆይ። ይቺ ምንድን ናት?»

«የቷ፣ አባባ?»

«በዚህ በኩል፣ በጎኔ። ነጭ ነገር። ወፍ ናት?» ፈጥነው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ውይ፣ ጠፋች!»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ ልክ ጠባብ ድልድይ ላይ ከባድ መኪና እንደሚያዞር ሰው፣ ፊታቸውን ወደ ጭስ ማውጫው መለሱ።

«መጣች» አሉ በሹክሹክታ። «ያውና መጣች። እንደ ጎን መስታወት ነው እኮ! መስታወቱን በጨረፍታ ነው እንጂ አፍጥጠህ አታየውም። ክንፏ ሥር ቀይ አለባት?»

ልጁ ፊታቸውን ከጎን አየ። ስንት ቅዳሜ ያ ጩኸት «ወዲህ፣ ወዲህ» እያለ የአባቱን ፊት ቀጥ አድርጎ ወደ እሷ ጎትቶት ነበር፤ ቀጥ አድርጎ ወደ ጥላሸቱ። ዛሬ የሚጎትት ጠፋና ዓይኑ ራሱ ባልጠበቀው በር ገባ።

«አለባት፣ አባባ። ቀይ መስመር አለባት።»

«አትንገረኝ። እያየሁ ነው።»

ጭስ ማውጫውን ትክ ብለው እያዩ አውሮፕላኗን ተመለከቱ። ምራት አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ጉልበታቸውን ያዘች። ሰባተኛው ደቂቃ፤ ስምንተኛው። መቆጣጠሪያው ጢጥ ጢጥ አለ፤ ባትሪው እያለቀ ነውና አውርዳት ማለቱ ነው። ልጁ በአውራ ጣቱ ድምፁን ዘጋው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሞተሩ ቆመ፤ አባት ግን አላወቁም፤ የሚጎድል ድምፅ አልነበረምና። አውሮፕላኗ ክንፏን ለአየሩ ሰጥታ፣ ክቧን ሳትሰብር፣ እንደ ቅጠል ትወርድ ጀመር።

«ዝቅ አለች» አሉ አባት። «ዝቅ… ዝቅ… ሣሩ ውስጥ ገባች።»

ልጁ ቆሞ ቀረ።

«ምን ያስቆምሃል? ሌላ ባትሪ የለህም?»

«አለኝ፣ አባባ።»

«ታዲያ ቶሎ በላ! ወደ ፀሐይ እንዳታበራት ብቻ፤ በዚያ በኩል አትታየኝም።»

ልጁ በሣሩ መሃል ሮጠ። አባትም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ወንበሩን አዙረው፣ ጎናቸውን ለሰማይ ሰጥተው ተቀመጡ።